ዝግ እጅ

አስካለ ጓንቷን አልጋዋ ላይ ጥላ የት ሄደች?

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኝታ ክፍሏ በር ላይ ቆሜ ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። ጓንቱ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ተጋድሟል፤ የለማኝ እጅ ይመስላል። አንጓው ላይ ያለችው መብራት ቢጫ ሆናለች። ቢጫ «እጅ የለኝም» ማለት ነው። አንድ ሰዓት ከቆየ ቀይ ይሆናል። ቀይ ከሆነ ኮሌጁ ያውቃል።

በማኅበረሰብ ኮሌጃችን የኤሌክትሮመካኒካል ተማሪ ሲነጋ ጓንቱን ያጠልቃል፤ ሲመሽ ያወልቃል። ደንቡ በራችን ላይ ተለጥፏል፤ «የሠለጠነ እጅ ሳይሸፈን አይዞርም» ይላል። የሕግ ተማሪም የምግብ ዝግጅት ተማሪም እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። ማሽን የሚማር ብቻ ነው እጁን እንደ ተናካሽ ውሻ አስሮ የሚወጣው።

ምን ላድርግ? የራሴን እጅ ከተትኩበት። ጠበበኝ፤ ግን ገባ። የልቤን ምት ሰማና መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ የልጅ ልጄን እጅ ሆኜ ጠበቅኩ።

ስሜ ሀሴት ነው። በእኔ ልጅነት እንዲህ ያለ ስም ፋሽን ነበር። አስካለን በቅድመ አያቴ ስም የጠራኋት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አሮጌ ስም ፋሽን ሆኗል። እናቷ አፋር ጨው ፋብሪካ ስለምትሠራ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች። ልጅቷ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ኮምቦልቻ፣ ከእኔ ጋር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው ያደገችው። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ጭንቀታም ነኝ፤ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለኝም።

ያን ሳምንት ውኃ አልነበረም። ምድር ቤት ያለው ፓምፕ ማክሰኞ ቀጥ አለ። ግድግዳችን ላይ ላለችው ድምፅ ነገርናት። ማሽኖቹን የሚቆጣጠረው ማዕከል የሰጣት ሌላ ስም ነበር፤ ሰው ግን «አማት» ነው የሚላት። በር ስትከፍት «ወዴት እየሄዱ ነው?»፣ ስትመለስ «ከማን ጋር ነበሩ?» የምትል ሌላ ማን አለ? አማት እንዲህ አለች፤ «ሪፖርትዎ ተመዝግቧል። ምትክ ፓምፕ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ይደርሳል። እስከዚያው እባክዎ ማሽኑን አይንኩ።»

ማሽን ሲበላሽ ይቀየራል እንጂ አይከፈትም። ማኅተም አለው። ማኅተሙን የከፈተ ሰው እጁ ይዘጋል። እጁ የተዘጋ ሰው የነካው ማሽን ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ምድጃውም፣ ሊፍቱም፣ የሐኪም ቤቱ በርም። ዝግ እጅ ይዞ ቴክኒሽያን መሆን ማለት ምላስ ሳይኖር አዝማሪ መሆን ነው።

ቦቴ በሁለት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የማራማዊት ምራት ከወለደች ስምንት ቀኗ ነበር። ማራማዊት የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሊፍቱ ደግሞ ውኃ የያዘ ሰው አያሳፍርም። ዓርብ ዕለት ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ «የልጅ ልጄን በምራቄ ልጠበው እንዴ?» እያለች ስትጮህ አስካለ ከኮሌጅ ስትመለስ ሰማቻት። ጀሪካኑን ከእጇ ተቀብላ ዘጠነኛ ፎቅ አደረሰችላት።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ሲሆን የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሳለ። ሳለ፣ ሳለና ዝገት ተፋ፤ ከዚያ ውኃ ወረደ። በየፎቁ ባልዲ ሲቀመጥ፣ ጀሪካን ሲጎተት ሰማሁ። እልል ያለ ግን የለም። የአሥራ አንድ ፎቅ ሕዝብ ውኃ መጥቶለት አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም፤ አማት እንደምትሰማ ሁሉም ያውቃል።

አስካለ ገባች። እጆቿ እስከ ክርኗ ጥቁር ናቸው። አውራ ጣቷ ተልጧል። አልጋዋ ላይ አገኘችኝና ሳቀች።

«እምዬ፣ እጄን ምን እያደረግሽው ነው?»

«ዝም በይ!» አልኳት፤ በከንፈሬ ወደ ግድግዳው አመለከትኩ።

ሄዳ ቧንቧውን ለቀቀችው። ውኃ ሲጮህ አማት በደንብ አትሰማም። ከዚያ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ኩሽኔታው ደርቆ ነው» አለችኝ። «ሌላ ምንም አልሆነም። ሞተሩ ሊዞር ይታገላል፣ ኩሽኔታው አያዞረውም። ለአንዲት ኩሽኔታ ነው አሥራ ዘጠኝ ቀን!»

«ከየት አመጣሽ ኩሽኔታ?»

ወደ እኔ አልጋ ሥር አየች።

አልጋዬ ሥር የአባቴ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። አባቴ ቦርከና ወንዝ አጠገብ የባጃጅ ጋራዥ ነበረው። ያኔ ነገር ይከፈት ነበር። ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሞተር ይዘረግፋል፤ ብሎኑን ካርቶን ላይ ይደረድራል፤ ሻዩን ፉት እያለ መልሶ ይገጥማል። ብነግራቸው የዛሬ ልጆች ተረት ይመስላቸዋል። ሳጥኑ ውስጥ ብሎን የሚፈቱ ሦስት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኃይል መኖር አለመኖሩን የሚለይ መፈተሻ፣ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ ስድስት ኩሽኔታዎች ነበሩ። ጎትቼ ከፈትኩት። አምስት ናቸው።

«የባጃጅ ነው እኮ ይሄ!»

«ፓምፑ መቼ ያውቅና? ልኩ አንድ ነው።»

«አስካለ፣ ሁለት ወር ነው የቀረሽ። ሁለት ወር! ከዚያ በኋላ ፈቃድሽን ይዘሽ የፈለግሽውን ብትሆኚ…»

«አብሽሪ፣ እምዬ» አለችኝ። ወሎ ውስጥ ሰማይ ቢደፋም የምትባል ቃል ናት። እኔ ግን በቃል የምጽናና ሰው አይደለሁም።

አማት የመጣች ሰሞን የምታውቀው «አዎ»ን ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ ለ«አዎ» አፋችንን ማድከም አንወድም፤ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። ያቺ ምስኪን ግድግዳ «ይቅርታ፣ መልስዎ አልተሰማም፤ ይቅርታ፣ መልስዎ አልተሰማም» ስትል ትውላለች። ከርመን ከርመን ሳቅንባት። ከዚያ አንድ ቀን ተማረች። ማን እንዳስተማራት አናውቅም።

ሰኞ ጠዋት፣ አስካለ ኮሌጅ እንደሄደች፣ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሀሴት። ሦስት አጭር ጥያቄዎች አሉኝ» አለች አማት።

ተዘጋጅቻለሁ። እሑድን ሙሉ መስታወት ፊት ስለማመድ ነው የዋልኩት።

«በዚህ ሕንፃ ማኅተሙ የተከፈተ ማሽን መኖሩን ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ያዩት ሰው አለ?»

«የለም።» ድምፄ ደኅና ነበር። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

«ተማሪ አስካለ ቅዳሜ ጠዋት ያለ ጓንት ከቤት ወጥታለች?»

ስሟን ስትጠራው ደነገጥኩ። ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል።

«እናመሰግናለን። ‹አዎ› ተመዝግቧል።»

«ኧረ አላልኩም! አንቺ! እኔ አላልኩም!»

«መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

አስካለ አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ጓንቷ ተቆልፎባታል። ጣቶቿ እንደ ሹካ ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ አይታጠፉም፣ ጓንቱም አይወልቅም። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ከማዕከሉ መርማሪ መጥቶ እስኪጠይቃት ድረስ እንደዚያ ነው። ቀኝ እጇ ነው። ቁራሽ በቁራሽ እያጎረስኳት አለቀስኩ።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩሽ።»

«አንቺ ምን ተናገርሽ? ተነፈስሽ እንጂ» አለችኝ እያላመጠች። «መተንፈስም ክልክል ከሆነ ይለጥፉልና።»

«ሐሙስ ምን ልትያቸው ነው?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«አበድሽ? ‹በራሱ ተነሣ› በያቸው! ፓምፑ ማኅተሙ መፈታቱን እንጂ ማን እንደፈታው አያውቅም። ሞተር ዝም ብሎ ይቆማል፣ ዝም ብሎ ይነሣል፣ እኔ ምን አውቄ በይ!»

የጎረሰችውን ዋጠች። «እምዬ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ምን እንደተማርኩ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ራት ላይ የዕለቱን ትምህርት ካልተረከችልኝ አትበላም። አንደኛ ዓመት የማሽን መብራት ማንበብ ነው፤ የቱ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ። ሁለተኛ ዓመት ለአማት ሪፖርት ማቅረብ። ከዚያ «ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ» የሚባል ትምህርት አለ፤ ማሽን ሲበላሽ ሁለቱን እጅ ከኋላ አጣምሮ ሦስት እርምጃ መራቅ። ከሃያ ይታረማል። ማሽን የሚከፈተው ሐሙስ ሐሙስ በመምህር ኢብሳ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ማኅተም የሌለው አሮጌ ፓምፕ አለው፣ ማዕከሉ ሊወስደው የረሳው። ሐሙስ ማታ ራት ላይ የልጅቷ ዓይን ሌላ ነው። ማንኪያውን ካቻቢቴ፣ ኩባያውን ሞተር አድርጋ ትፈታዋለች፣ ትገጥመዋለች። እኔ ደግሞ ሳዳምጥ ትንፋሼን ሳብ፣ ሳብ፣ «ህእ፣ ህእ» እላለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ለፓምፕ «አዎ» ስል ነው የኖርኩት።

«ሞተር በራሱ አይነሣም» አለችኝ። «ሰው ነው የሚያስነሣው። በራሱ ተነሣ ካልኩ ያን ሁሉ ሐሙስ ካድኩት ማለት ነው።»

«እጅሽን ይዘጉታል!»

«ይዝጉት። አንድ ቀን ከፍቼ ቢዘጋ ይሻለኛል፣ ዕድሜ ልኬን ሳልከፍት ክፍት ነሽ ከሚሉኝ።»

እንዲህ ያለ አፍ ከማን ወረሰች? ከእናቷ አይደለም። ከእኔማ ጭራሽ።

ሐሙስ አብሬአት ሄድኩ። ማራማዊት ማንም ሳይጠራት ጉልበቷን እያሸች ተከተለችን፤ «ውኃውን የጠጣሁት እኔ፣ የሚጠየቁት እናንተ?» ብላ። የተጠራነው መምህር ኢብሳ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። መምህሩ ሽበታም ሰው ነው፤ እጆቹን ከኋላ አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አሮጌው ፓምፕ ጠረጴዛ ላይ ነው። መርማሪው ባስልኤል ይባላል፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጥፍሮቹ የሴት የመሰሉ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ያስቸግራል፤ ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝ እሱ ነው።

«እማማ፣ እንዳናደክምዎ። ይህ ድምፅ የእርስዎ ነው?»

አማት እዚህም አለች፤ ግድግዳው ተነፈሰ። የራሴን ድንጋጤ ከግድግዳ ሰማሁት። በጣም አጭር ናት። ሰው በዚህች አጭር ነገር ልጁን ይሸጣል?

አስካለ ብድግ አለች። «ልንገርህ፣ ፓምፑን…»

«ተቀመጪ!» አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። «ትልቅ ሰው ሲናገር አፍሽን አትክፈቺ!»

አስካለን እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። ተቀመጠች።

«አዎ፣ የኔ ድምፅ ነው» አልኩት መርማሪውን። «ልጅቷ ቅዳሜ ያለ ጓንት ወጥታለች። ጓንቱን የወሰድኩባት ግን እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት እጁ የኔ ነበር።»

መዝገቡን በጣቱ እያንሸራተተ አየ። «እውነት ነው፣ ጓንቱ ሕንፃው ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ተጠልቋል። ምቱ መቶ አራት ነው። የተማሪዋ ስድሳ ስምንት ነው…»

«መቶ አራት የኔ ነው። ልቤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው።»

«ተኝታም መቶ አራት ናት!» አለች ማራማዊት ከበሩ።

መርማሪው ፈገግ አለ። ፈገግታው መልካም ነበር፤ አያቱን ያስታወሰ መሰለኝ። «እንግዲህ እማማ፣ ፓምፑንም የከፈትኩት እኔ ነኝ እንዳይሉኝ ብቻ።»

ግድግዳውን አየሁት። የአማት ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ትጠብቃለች። ስጠብቃት የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ እሷ ትጠብቀኛለች። ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ ሙሉ ደረቴን እስኪሞላ ወደ ውስጥ ሳብኩት።

«‹አዎ› ተመዝግቧል» አለች አማት።

«እምዬ!» አለች አስካለ።

የመርማሪው ፈገግታ ጠፋ። «እማማ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። የታሸገ ፓምፕ በምን ይከፈታል?»

«በካቻቢቴ።»

ቃሉን አላወቀውም። ወደ ግድግዳው ዞረ። «ይቅርታ፣ ቃሉ አልታወቀም» አለች አማት። መምህር ኢብሳ ሳል ያዘው፤ ሳል አልነበረም። ከኪሱ አንድ እጀታው የተሰነጠቀ ካቻቢቴ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ፓምፑ አጠገብ አኖረው።

«እናቴ፣ ያሳዩዋቸው» አለኝ።

ሄድኩ። ካቻቢቴውን ስጨብጠው የአባቴ ጋራዥ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ያ የተቃጠለ ዘይት። «መጀመሪያ ኃይል ይቋረጣል» አልኩ፤ የአስካለ የራት ሰዓት ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው። «ኃይል ሳያቋርጥ እጁን የሚሰድ ሰው እጁን አይመልስም። ከዚያ መቋረጡ ይፈተሻል፤ ተቋርጧል ብሎ ማመን የለም። ከዚያ ብሎኖቹ። አንዱን አላልቶ ጎረቤቱን አለመንካት፤ ፊት ለፊቱ ያለውን። አለዚያ ክዳኑ ይጣመማል።» አራቱን ፈታኋቸው። ብሎኖቹን እንደ አባቴ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። ክዳኑን አነሣሁና ጣቴን ኩሽኔታው ውስጥ አስገብቼ አዞርኩት። «ሲዞር አሸዋ አሸዋ ካለ ሞቷል። ይህ ደኅና ነው።»

ቀና ስል መርማሪው ከእኔ አንድ ስንዝር ላይ ነው፤ አንገቱን አስግጎ ውስጡን ያያል። አፉ በትንሹ ተከፍቷል።

«ይሄ ነው… ውስጡ?» አለ።

ሃያ ሺህ ማሽን የሚያዝዝ ልጅ፣ የአንዱን እንኳ ሆድ አይቶ አያውቅም። ልቤ ራራለት። ጣቱን ይዤ ላስነካው አልኩ። ያኔ ነቃ፤ እጆቹን ከኋላው አጣመረና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ፍርዱ እዚያው ተነበበ። ለአስካለ ማስጠንቀቂያ፤ ጓንቷን በሌላ ሰው ስላስወሰደች። የእኔ ሁለቱም እጆች ይዘጉ፣ ለዕድሜ ልክ። መዳፌን ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ አሳረፉት፤ ምንም አያምም። ጓንቷ ጠቅ ብሎ ተፈታ፤ አስካለ ጣቶቿን ዘረጋች፣ አጠፈች።

በራችን ላይ ስንደርስ አስካለ ዞረችብኝ።

«ሰረቅሽኝ!»

«ምን ወሰድኩብሽ?»

«ሥራዬን! በሕይወቴ አንድ ነገር በእጄ ሠራሁ። እሱን ወስደሽ ያንቺ አደረግሽው!»

እውነቷን ነው። «አንቺ ሌላ ትሠሪያለሽ» አልኳት። «እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።»

አራት ቀን አኮረፈችኝ።

ዝግ እጅ እንዲህ ነው የሚኖረው። ምድጃውን ስነካው ይጠፋና ለአንድ ሰዓት ይተኛል። ሊፍቱን ረስቼ ጫን ባደርገው ሦስት ሰው ውስጥ ቀረ፤ ምን ያልተሰደብኩት ስድብ አለ! ቧንቧውን በክርኔ እከፍታለሁ፤ ክርን አያውቁም። በጓንት፣ በካልሲ ሞክሬአለሁ፤ «ባዶ መዳፍዎን ያሳዩ» ይላሉ። ማራማዊት ስሜን ለውጣ «ዝግዬ» ትለኛለች። «ዝግዬ፣ ቴሌቪዥኔ ምራቴን አስቸገራት፣ ነይና ዳብሽልኝ» ትላለች። እየሳቅኩ ሄጄ እነካላታለሁ፤ ቤቱ ለአንድ ሰዓት ሰላም ያገኛል።

አራተኛው ቀን እሑድ ነው፤ አስካለ ለመጨረሻ ፈተናዋ ታጠናለች፣ ኩርፊያዋ ገና አልለቀቃትም። እኔ ረስቼ ምድጃውን ነካሁት። ድርግም አለ።

«እምዬ!» አለች። ዓይኗ ምድጃው ላይ ቀረ። ተነሣችና ጎንበስ ብላ ማኅተሙን አየች። ሁልጊዜ የምትበራው የማኅተሙ መብራት ጠፍታለች። ከአልጋዬ ሥር መፈተሻውን አመጣች። እዚህ ነካች፣ እዚያ ነካች።

ቧንቧውን ለቀቀችው።

«ኃይል የለውም» አለችኝ በጆሮዬ። «ምንም። ማኅተሙም ራሱ ተኝቷል። ለአንድ ሰዓት ማንም አያየውም።» መሳቅ ጀመረች፤ ካኮረፈች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «እምዬ፣ ዋና ማጥፊያ አደረጉሽ እኮ! ፈርመው!»

«መጀመሪያ ኃይል ይቋረጣል» አልኩ ሳላስበው።

«ከዚያስ?»

«ይፈተሻል።»

«ከዚያስ?»

ካቻቢቴውን ሰጠኋት።

ያ ምድጃ አንዱ የማብሰያ ዓይኑ ካላየ ዓመት ሆኖት ነበር። በአርባ ደቂቃ ከፍታ ዘጋችው። ሰዓቱ ሲሞላ አማት፣ «ዝግ እጅ ምድጃ ነክቷል። ለደኅንነትዎ ተዘግቶ ነበር። አሁን መጠቀም ይችላሉ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ደንቡን አውጥቼ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዝግ እጅ አይንካ አይልም። ዝግ እጅ ሲነካ ይዘጋ ነው የሚለው። የጻፉት ሰዎች፣ እጁ የተዘጋ ሰው አፍሮ ቤቱ የሚቀመጥ መስሏቸው ነው።

አስካለ ተመረቀች። በመጨረሻ ፈተናዋ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ከሃያ ሃያ አገኘች። መምህር ኢብሳ ሲጨብጣት እጇ ውስጥ የሆነ ነገር አስቀመጠ፤ እቤት ስትከፍተው ያ እጀታው የተሰነጠቀ ካቻቢቴ ነው። የሥራ ጓንቷ አሁን ግራጫ ነው። ብርቱ ነው፤ ግን ዛሬም ሙቀትና ምት እንጂ ሰው አይለይም።

ትናንት ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ሰው የለም። ደፉ ላይ ባዶ ጀሪካን አፉን ወደ ታች አድርጎ ተደፍቷል። እጀታው ላይ ስድስት ቁጥር በከሰል ተጽፏል፤ ማዶ ያለው ብሎክ ስድስት ነው። ማሽን የቆመበት ሰው ሁሉ እንዲህ መጠየቅ ለምዷል። ጀሪካን አፍ አለው እንጂ አይናገርም።

አስካለ ጓንቷን አወለቀች። ማራማዊት ሶፋው ላይ ተቀምጣ የልጅ ልጇን ታጫውታለች፤ ሕፃኑ ወፍሯል፣ ፊቱ ታጥቦ ያበራል። ምንም ሳትባል እጇን ዘረጋች፤ አስካለ አጠለቀችላት። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ማራማዊት ልቧ የበሬ ነው፤ ሰባ ላይ ቁጭ ይላል። አስካለ ሳጥኑን አንሥታ በደረጃው ወረደች።

እኔ ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ጥያቄ ብትሰሙ! ሰው ቢያየንስ? ከአንድ ሰዓት ቢያልፍስ? ኩሽኔታው ሦስት ነው የቀረው፣ ሲያልቅስ? መርማሪው ቢመጣስ? ጫማዬን አገኘሁት።

በሩ ጋ ስደርስ የግድግዳዋ መብራት በራች።

«ወይዘሮ ሀሴት፣ ወዴት እየሄዱ ነው?»

ቆምኩ።

«ይቅርታ፣ መልስዎ አልተሰማም። ከቤት እየወጡ ነው?»

ትንፋሼን ያዝኩ። ማራማዊት በግራ እጇ የሕፃኑን አፍ ሸፈን አድርጋ ታየኛለች። ሁለቱን ዝግ መዳፌን፣ የሚዘጋ ምን ቀረሽ እንደ ማለት፣ ከግድግዳው ፊት ከፍ አድርጌ ለአማት አሳየኋት፤ በሩን በክርኔ ገፋሁትና ወጣሁ።